«እየዋጥኩ ነው» ይለኛል፤ የደሙ ውጤት ግን ሌላ ነው

ከደሴ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እህቴ ስታርፍ ልጇ ገና 3 ዓመቱ ነበር። እኔው ወስጄ ከሁለት ልጆቼ ሳልለይ አሳደግኩት፤ ዛሬ 16 ዓመቱ ነው፣ 10ኛ ክፍል ይማራል። ከ4 ዓመቱ ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስዳል። እስከ 14 ዓመቱ ድረስ ‹የሳንባ መድኃኒት ነው› እያልኩ ቆየሁ፤ እውነቱን የነገረችው የክሊኒኩ ነርስ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ነገሩን አንስተነው አናውቅም። ባለቤቴም ልጆቼም አያውቁም። ስለዚህ መድኃኒቱን መኝታ ቤቴ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ገብቶ ይውጣል። ባለፈው ወር የቫይረሱ መጠን ሲለካ 38,000 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ተቆጣችው፤ ‹እንዲህ ከቀጠልክ መድኃኒትህ ይቀየራል› አለችው። እሱ ግን ‹በየቀኑ እየዋጥኩ ነው› ብሎ ድርቅ አለ። በማግስቱ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ስፈትሽ በሶፍት የተጠቀለሉ 11 ፍሬዎች አገኘሁ። ስልኩንም ከፍቼ አየሁት፤ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጻጻፋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መድኃኒቱን ቆልፌ ይዤ ዐይኔ እያየ ላስውጠው? እናቴ ደግሞ ‹ለጊዜው መድኃኒቱን ይተወውና ጸበል ይጠመቅ› ትላለች። ለባለቤቴስ ልንገረው? እህቴን እንዳጣሁ ልጇንም እንዳላጣ እፈራለሁ።»

የተከበሩ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ለ12 ዓመታት ከክሊኒክ ቤት ሲመላለሱ ኖረው እንዲህ ያለ ውጤት ሲሰሙ የሚያድርብዎት ድንጋጤ ይገባኛል። እኔም በታዳጊዎች የሕክምና ክፍል ስሠራ ይህንን ወረቀት በእጃቸው ይዘው ኮሪደር ላይ የሚያለቅሱ ብዙ አሳዳጊዎችን አይቻለሁ፤ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ የሚያስፈራዎት ነገር እንዲቀልልዎት በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ላስረዳ።

ምርመራው የሚቆጥረው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን ቅጂ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መጠኑ ከ1,000 ሲበልጥ ቫይረሱ አልተገታም ይባላል፤ 1,000 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ተገትቷል፣ መሣሪያው ጨርሶ ሊያገኘው ካልቻለ ደግሞ አይታይም ይባላል። የልጅዎ ውጤት የሚነግረን ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት ቫይረሱን ለመግታት የሚበቃ መድኃኒት በደሙ ውስጥ እንዳልነበረ ወይም ያለው መድኃኒት ሥራውን እንዳልሠራ ነው። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ አይነግረንም፤ ስለ ልጁ ጠባይም የሚለው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ መገኘቱ ብቻውን ሕክምናው ከሽፏል ለማለት አያበቃም። በአሠራሩ መሠረት ልጁ በተከታታይ ቀጠሮ የቁርኝት ምክር፣ ማለትም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚያግዝ ምክር ያገኛል፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ሦስት ወር ያህል ይቆያል፣ ከዚያም ደሙ እንደገና ይለካል። መድኃኒቱን መቀየር የሚታሰበው ያ ሁለተኛው ውጤት ሲታይ ነው። ስለዚህ የሚመጡት ሦስት ወራት የልጁን መንገድ የሚወስኑ ናቸውና በቁጣ ባይባክኑ እወዳለሁ።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። በእሱ ዕድሜና ክብደት ያሉ ታዳጊዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚወስዱት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ፍሬ የተዋሐዱበትን፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠውን መድኃኒት ነው። የልጅዎ መድኃኒት ይኸው መሆኑን ብልቃጡ ላይ ካለው ጽሑፍ ወይም ከክሊኒኩ ማረጋገጥ ይችላሉ። ቀድሞ ይሰጡ ከነበሩት ከኔቪራፒንና ከኤፋቪሬንዝ የሚለየው ቫይረሱ ዶሉቴግራቪርን በቀላሉ የማይላመደው በመሆኑ ነው። በእነዚያ መድኃኒቶች ጊዜ አንድ ታዳጊ ለጥቂት ሳምንታት ሲያቆራርጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደውና በኋላ በትክክል ቢዋጥ እንኳ አይገታውም ነበር፤ ዶሉቴግራቪር እየወሰዱ መጠኑ ከፍ ካለባቸው ሰዎች መካከል ግን አብዛኞቹ በየቀኑ መውሰድ ሲጀምሩ ምንም ሳይቀየርላቸው ቫይረሱ ተመልሶ ይገታል። ይህን ስል ማቆራረጥ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ለወራት ከተቆራረጠ ይህንንም መድኃኒት መላመድ ይቻላልና። በነገራችን ላይ ልጁ ለጨጓራ የሚሰጡ አሲድ የሚያበርዱ ፍሬዎችን ወይም ሽሮፖችን፣ የብረት ወይም የካልሲየም ፍሬ የሚወስድ ከሆነ ለክሊኒኩ ይናገር፤ እነዚህ ከዶሉቴግራቪር ጋር በአንድ ሰዓት ሲወሰዱ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፣ መፍትሔው ግን ሰዓት ማለያየት ብቻ ነው። የቲቢና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም መጠኑን ሊያስለውጡ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቤትዎ ልመለስ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ዐይኔ ያረፈበት መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ የጻፉት ነው። ብልቃጡ ያለው እርስዎና ባለቤትዎ በምትተኙበት ክፍል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ነው፤ የመዋጫው ሰዓት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እስቲ ማታውን በልጁ ቦታ ሆነው ያስቡት። ባለቤትዎ ደክሟቸው በጊዜ ገብተው ከተኙ ምን ብሎ በር ያንኳኳል? ታናናሾቹ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን እያዩ ወደ ወላጆቻቸው መኝታ ቤት ዘው ቢል «ምን ፈልገህ ነው?» ሳይሉት ይቀራሉ? ገብቶስ ቢሆን፣ የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ይላል፣ ብልቃጡ ሲነሣ ፍሬዎቹ ይንኳኳሉ፣ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ይዞ ሲገባም ሲወጣም ይታያል። ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ የሚጎሰጉሱበት፣ የላዩን ወረቀት ልጠው የሚጥሉ፣ መድኃኒቱን ሽንት ቤት ገብተው ያለ ውኃ የሚውጡ ታዳጊዎችን አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች መድኃኒቱን አልጠሉም፤ የጠሉት መታየቱን ነው። የእርስዎም ልጅ ብዙ ማታ ከበሩ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እነዚያን 11 ፍሬዎች እርስዎ የውሸቱ ማስረጃ አድርገው አይተዋቸዋል። ነገር ግን መድኃኒቱን ሊያስወግድ የፈለገ ልጅ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄድ ነበር። በሶፍት ጠቅልሎ የያዘው ማታ ሳይመቸው ሲቀር «ነገ በሌላ ሰዓት እውጠዋለሁ» እያለ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፍሬዎቹ ሲቆጠሩ ተርፈው እንዳይገኙበትና እርስዎን እንዳያሳዝን ከብልቃጡ አውጥቷቸው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የሚናገረውም እንደማይቀጣ ሲያምን ነው። «ስንት ቀን ዘለልክ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «አንድም ቀን» ይላል። «ሁልጊዜ ሳያቋርጡ መውጣት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው፤ አንተን በጣም የሚያስቸግርህ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሰዓት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ ይኖረዋል። ቦርሳውን እንደ ፈተሹና ስልኩንም እንዳዩ ራስዎ ይንገሩት፣ ስልኩን ዳግመኛ እንደማይከፍቱም ቃል ይግቡለት። የተገኙት ፍሬዎች ከብልቃጡ ውጭ እርጥበት ነክቷቸው ሊሆን ስለሚችል አይዋጡ፤ ለክሊኒኩ ፋርማሲ ይመለሱ።

በመቀጠል ሰዓቱንና ቦታውን እሱ ይምረጥ። መድኃኒቱ የግድ ማታ 3 ሰዓት መዋጥ የለበትም፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቱ በፊት ፊቱን ሲታጠብ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱን ሰው ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ ስለሚነሣው ጠዋት መውሰዱ እንዲያውም ይሻላል። በአጽዋማት ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀያየር ከራት በኋላ ማድረጉ ይቀላል። ብልቃጡ ከራሱ ዕቃ ጋር፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ወይም ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ ቁልፉም ከእሱ ዘንድ ይሁን። ሰዓት የሚያስታውሰው የስልክ ደወል ሌላ ሰው ቢያየው ምንም የማይገልጽ ስም ይሰጠው። ረስቶ ከቆየ ባስታወሰበት ሰዓት ይውጥ እንጂ ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ፍሬ በአንድ ላይ አይውሰድ።

«ቆልፌ ይዤ ዐይኔ እያየ ላስውጠው?» ብለው ጠይቀዋል። ለጥቂት ሳምንታት አብረውት ሆነው ማስዋጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን እሱ ፈቅዶ፣ ከእሱ ጋር ተስማምታችሁ ሊሆን ይገባል። ተገዶ የሚውጥ የ16 ዓመት ልጅ ፍሬውን ከምላሱ ሥር ይዞ መውጣትን በአንድ ቀን ይማራል። ደግሞም ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ ዶርም ውስጥ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ሲያድር እርስዎ አጠገቡ አይኖሩም። ልጅ መንገድ መሻገር ሲማር መጀመሪያ እጁ ተይዞ፣ ቀጥሎ ከጎኑ ሆነው እያዩት፣ በመጨረሻ ብቻውን እንደሚሻገር ሁሉ፣ ኃላፊነቱም ቀስ በቀስ ወደ እሱ ይሻገር። ለምሳሌ የመጀመሪያውን ወር አብራችሁ፣ ሁለተኛውን ወር እሱ ውጦ ለእርስዎ ምልክት በማድረግ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋግራችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ዝም ብሎ «አንተ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ብሎ መተውም አይበጅም፤ ከልጅነት ጀምሮ ሲወስዱ ኖረው በጉርምስና የሚያቆራርጡት ብዙዎቹ አሳዳጊው እጁን በድንገት ያነሣባቸው ናቸውና።

ይህ ችግር በእርስዎ ቤት ብቻ የመጣ እንዳይመስልዎ። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቫይረሱን ይዘው የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ ለትምህርት ሳይደርሱ ያልፉ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ልጆቹ አደጉ፣ ጎረመሱ፣ ሆኖም አገልግሎቱ የተሠራው ለሕፃናትና ለአዋቂዎች ስለነበር ታዳጊው በመካከል ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስታወቀው በ2005 እና በ2012 መካከል በኤድስ ምክንያት የሚሞተው ሕዝብ በአጠቃላይ በ30 በመቶ ሲቀንስ በታዳጊዎች መካከል የተመዘገበው ሞት ግን በ50 በመቶ ጨምሮ ነበር። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው። የሚለየው ታዳጊው ያለበት ሁኔታ ነው፦ ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ሲውጥ የኖረ፣ ብዙ ጊዜ ወላጅ የሞተበት፣ ምን እንደያዘው ዘግይቶ የተነገረው፣ ከጓደኞቹ መለየትን ከሞት አብልጦ የሚፈራ፣ ምንም ሳያመው «ለምን እወስዳለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለሚመጣ ልጅ ቁጣን መልስ አድርጎ መስጠት ልቤን ያሳዝነዋል፤ ከባለሙያ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ።

ከሁሉ የከበደውን ነገር ግን እርስዎ አልጠየቁኝም፤ እኔ ላንሣው። ልጁ 10 ዓመት ሙሉ የሳንባ ነው ሲባል የኖረው መድኃኒት ምን እንደሆነ በአንድ ቀን፣ በባዳ አፍ ሰማ፤ ቤቱ ሲመለስም ማንም ምንም አላለውም። እርስዎ ዝም ያሉት ላለማስጨነቅ እንደሆነ አምናለሁ። እሱ ግን ዝምታውን «ይህ ነገር የሚያሳፍር ነው፤ እናቴም አሳፋሪ ነበረች» ብሎ ተርጉሞት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ውጤታቸው እንዲነገራቸው፣ ለታናናሾቹም እንደ ዕድሜያቸው ቀስ በቀስ እንዲገለጽላቸው የመከረው ልጆች እውነቱን ከሚወዱት ሰው ሲሰሙ እንደሚሸከሙት ስለታየ ነው። ያለፈው አልፏል፤ ያልተነገረውን ዛሬም መናገር ይቻላል።

እንዲህ ቢያደርጉ ይበጃል ብዬ አስባለሁ። ሌሎቹ ልጆች በሌሉበት ቀን፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ስለ እናቱ ያጫውቱት። ፎቶዋ ካለ ያውጡለት። ምን ትወድ እንደነበር፣ እሱን ስታረግዝ ምን እንዳለች፣ ስትታመም ማን እንዳስታመማት ይንገሩት። ከዚያ ወደ በሽታው ይምጡ። እሱ በተወለደበት ጊዜ አገልግሎቱ እንደ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የተዳረሰ አልነበረም፤ በአገራችን ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያውኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰደውን ሕክምና እንድትጀምር የተደረገው እሱ ከተወለደ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው። ይህን ሲሰማ እናቱ በቸልታ እንዳልጎዳችው፣ በጊዜዋ የነበረው ዕድል ጠባብ እንደነበረ ይረዳል። በእናቱ ላይ የተቀየመ ልጅ ቂሙን የሚወጣው ብዙ ጊዜ በመድኃኒቱ ላይ ነው። «ለምን ዋሻችሁኝ?» ብሎ ቢቆጣዎት ራስዎን አይከላከሉ፤ «ፈርቼ ነው፤ እንዳትጎዳብኝ ፈርቼ ነው» ቢሉት ይበቃል። ቢያለቅስም ይተዉት፣ አብረውት ያልቅሱ። ይህ ጭውውት በአንድ ቀን አያልቅም፣ እንዲያልቅም አይጠብቁ።

እናትዎ ያነሡትን ጸበል በተመለከተ፣ የሚሉት ከፍቅርና ከእምነት ስለሆነ በአክብሮት ይመልሱላቸው። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጋጩም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉን እየተጠመቁ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ደግፈዋል፤ ይህም የሆነው በእንጦጦና በሌሎች የጸበል ቦታዎች መድኃኒታቸውን ትተው የነበሩ ብዙ ሕሙማን ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ልጁ ከፈቀደ አያቱ ይዘውት ይሂዱ፤ መድኃኒቱ ግን በሻንጣው ውስጥ ይሁን፣ ሰዓቱም አይለፍ። «ለጊዜው ይተወው» የሚለው ቃል ብቻ ተቀባይነት የለውም፤ መድኃኒቱ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይራባልና።

ለባለቤትዎ መንገርን በሚመለከት የምሰጥዎ መልስ ምናልባት እርስዎ የጠበቁት ላይሆን ይችላል። ምስጢሩ የልጁ ነው። ባለቤትዎ ደግ ሰው ቢሆኑም፣ ቢያውቁ ቤቱ ቢቀልለውም፣ ልጁ ሳይስማማ አይንገሯቸው። ይጠይቁት፦ «አጎትህ ቢያውቅ ምን ይሆናል ብለህ ትፈራለህ?» ብለው። ምናልባት የሚፈራው ከቤት መባረርን ይሆናል፤ ምናልባትም የታናናሾቹ ከእሱ መሸሽ ይሆናል። በእኔ እምነት አንድ ተጨማሪ አዋቂ ሰው በቤት ውስጥ ቢያውቅ ለሕክምናው ትልቅ እገዛ ነው፤ ልጁ ከተስማማም እናንተ ሦስታችሁ ክሊኒኩ ውስጥ ከአማካሪ ጋር ተቀምጣችሁ ቢነገር ይመረጣል። ትንንሾቹ አሁን ማወቅ አያስፈልጋቸውም። በአንድ ገበታ መብላት፣ በአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ አብሮ መተኛትና መተቃቀፍ ቫይረሱን አያስተላልፍም፤ ምላጭና መርፌ ብቻ የጋራ አይሁኑ።

ስለ ልጅቷ የጻፉት ብዙ አሳዳጊዎችን የሚያስጨንቅ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ልቡ ወደ አንድ ሰው ቢሳብ ከዕድሜው የሚጠበቅ ነው፤ በዚህ አይቆጡት። ይልቅስ ማንም ያልነገረው የሚመስለኝን ነገር የሚሰማበት ጊዜ አሁን ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ ጥናት የተረጋገጠና የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው ነው። አድጎ ትዳር መመሥረት፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ልጆች መውለድ፣ ረጅም ዕድሜ መኖር ይችላል። ብዙ ታዳጊዎች መድኃኒቱን የሚተዉት «ለማንኛውም ማን ያገባኛል?» ብለው ነው፤ ይህን የሰሙ ቀን መድኃኒቱ የሚወዱትን ሰው የሚጠብቁበት መሣሪያ እንደሆነ ይገባቸዋል። ዛሬ ባለው ውጤት ግን ቫይረሱ ሊተላለፍ እንደሚችል በግልጽ ማወቅ አለበት፤ ስለ መታቀብና ስለ ኮንዶም ከእርስዎ ጋር ማውራት ካፈረ ከክሊኒኩ አማካሪ ወይም ከሚያምነው ትልቅ ወንድ ጋር ያውራ።

ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ ሊረዳው የሚችል ሰው አለ፤ እሱም ያለፈበትን ያለፈ ወጣት ነው። በዚምባብዌ ዝቫንዲሪ በሚባለው ፕሮግራም ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው ወጣቶች ታዳጊዎቹን በየቤታቸው እየሄዱ ይጎበኛሉ፣ የስልክ መልእክት ይልካሉ፣ በየወሩም ያሰባስቧቸዋል። ይህ አሠራር ከተለመደው አገልግሎት ጋር ተነጻጽሮ ሲጠና፣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ቫይረሱ ያልተገታላቸው ወይም የሞቱት በፕሮግራሙ ከነበሩት 25 በመቶ፣ በተለመደው አገልግሎት ከነበሩት ደግሞ 36 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱም ሐኪሙም ሳይለወጥ፣ ታዳጊውን የሚያውቀውና የሚጠይቀው ወጣት በመጨመሩ ብቻ ይህን ያህል ልዩነት መጣ። በአገራችንም በበርካታ ሆስፒታሎች የታዳጊዎች ቡድን አለ፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለዚህ ይጠይቁ። በክሊኒካችሁ ከሌለ አማካሪዎቹ ወይም ታካሚዎችን የምትከታተለው ኬዝ ማናጀር ተመሳሳይ ዕድሜ ካለው አንድ ልጅ ጋር እንዲያገናኙት ይለምኗቸው። በቀጠሮው ቀንም እርስዎ ውጭ ቆይተው እሱ ለብቻው ከባለሙያው ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ይሰጠው። ነርሷ ዳግመኛ ብትቆጣው በትሕትና «ልጁ እውነቱን እንዲናገር እየጣርኩ ነውና እርዱኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ የማይሻሻል ከሆነም ሌላ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ። ቀጠሮው ከፈተና ወይም ከትምህርት ሰዓት ጋር የሚጋጭ ከሆነ እንዲለወጥለት ይናገሩ፤ ከክፍል ወጥቶ መሄዱን ለመምህርና ለጓደኛ ማስረዳት ሲታክተው ብዙ ልጅ ቀጠሮውን ይተዋል።

እስከ ሁለተኛው ምርመራ ድረስ ጤናውን በዐይንዎ ይከታተሉ። ክብደቱ መቀነስ ከጀመረ፣ ሳል ወይም ትኩሳት ከቆየበት፣ ሌሊት ልብሱ እስኪርስ ካላበው የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ወይም ከአንገት መገተር ጋር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ምግብ ለመዋጥ የሚያስቸግር የአፍና የጉሮሮ ቁስል ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት። ልቡንም እንዲሁ ይከታተሉ፦ ከጓደኞቹ ከተገለለ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከተወ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ ለክሊኒኩ ይንገሩ፤ የድባቴ ሕክምና ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልገዋልና። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ እንደ ጉርምስና ንግግር አይለፉት፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።